ገዝቶ አለመግዛት

በአማርኛ ቋንቋችን «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በገበያ ዋጋ ከፍሎ ዕቃ የወሰደ ሰው «ገዛ» ይባላል፤ አገር ያስተዳደረ፥ ሕዝብ ያዘዘ ንጉሥም «ገዛ» ይባላል። ከዚህም በላይ «የገዛ ቤቴ፥ የገዛ ልጄ» ስንል ይኸው ቃል የባለቤትነት ምልክት ሆኖ ይገባል። ግእዝ እንዲህ አያደርግም። ለገበያው «ተሣየጠ» ይላል፥ ለጌትነቱ «ገዝአ» ይላል፤ «እግዚእ» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል መጠቅለሉን እንደ ቃል ድህነት የሚቈጥሩ አሉ። እኔ ግን ማስተዋል ያለበት ይመስለኛል። ዋጋውን ከፍሎ የወሰደ ሰው በወሰደው ነገር ላይ ያዝዝበታል፥ ያበድረዋል፥ ያወርሰዋል፥ የገዛ ገንዘቡ ይሆናል ማለት ነውና፤ ከገበያው ጌትነቱን፥ ከጌትነቱ ገበያውን መለየት አልተቻለም ነበር።

ዛሬ ግን ቃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በአሜሪካና በአውሮፓ አገር ፊልምና ዜማ፥ መጽሐፍም ጭምር፥ በእጅ በሚጨበጥ ዕቃ መሸጡ እየቀረ በኢንተርኔት መስመር መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ፥ ገዝቶ የማይገዛ፥ ከፍሎም ባለቤት ያልሆነ ሰው ቍጥሩ በዛ። ይህንንም ያዩ ብዙዎች፥ ወጣቶችም ሳይቀሩ፥ አባቶቻቸው ወደ ጣሉት ወደ ዲስክና ወደ ሸክላ ተመልሰዋል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም ከመጽሐፍ ጋራ ለሚውል ሰው ሁሉ የሚነካ ነውና፥ አንባቢ ከእኛ ጋራ ጥቂት እንዲመረምረው እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ስትሪሚንግ የሚሉት አሠራር እንዲህ ነው። ፊልሙ በተመልካቹ ቤት አይቀመጥም፤ የሚኖረው በኩባንያው የኮምፒዩተር ማከማቻ ነው። ተመልካቹ ሲጠራው በመስመሩ ይፈስለታል፤ አይቶ ሲጨርስ በእጁ የሚቀርለት ነገር የለም። በመስኖ አገር የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ምንጩ በላይኛው ሰው መሬት የሆነ እንደ ሆነ፥ የታችኛው ማሳ የሚለመልመው የላይኛው እስከ ወደደ ድረስ ነው። በየወሩ የሚከፍለው ተመልካች ኪራይ መክፈሉን ያውቃልና ሲዘጋበት ያዝናል እንጂ ተታለልሁ አይልም። የከፋው ነገር የሚመጣው «ግዛ» የሚል ቃል በተጻፈበት በር የገባ እንደ ሆነ ነው፤ ወደዚያ ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ስለ ኪራዩ አንድ ምሳሌ እናምጣ። «ክሬተር» የሚባል ፊልም አለ። ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ ያሠራው ሲሆን ዲዝኒ ፕላስ በሚሉት መስመር ሜይ 12 ቀን 2023 ታየ። ታሪኩ በጨረቃ ላይ፥ በማዕድን ቈፋሪዎች ሰፈር ስለሚኖር ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ወደ ሌላ ዓለም የሚሰደድበት ቀን ሲቈረጥለት፥ አባቱ የነገረውን ስፍራ ሳያይ እንዳይሄድ ከጓደኞቹ ጋራ ተደብቆ ይጓዛል። የልጆች ፊልም ነው፤ ነገር ግን የሟች አባትን ቃል ሳይፈጽሙ አለመለየትን ይናገራልና ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም። ይህ ፊልም ከሰባት ሳምንት በኋላ፥ በዚያው ዓመት በጁን ወር መጨረሻ፥ ከመስመሩ ወረደ። ነውር ተገኝቶበት አይደለም፤ የከለከለውም ሹም የለም። ኩባንያው በዚያ ወራት ከ50 የሚበልጡ ፊልሞችንና ተከታታይ ትርኢቶችን አንሥቶ፥ የወረዱትን ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ እንደ ኪሣራ ቈጥሮ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ጻፈ። እርግጥ «ክሬተር» ኋላ በሌላ በር ለሽያጭ ወጥቷል፤ ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፥ በኦገስት 2022፥ ዋርነር የተባለው ኩባንያ «ባትገርል» የተባለውን፥ ተቀርጾ አልቆ ማሰናዳቱ ብቻ የቀረውን፥ 90 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት የተባለውን ፊልም ለሕዝብ ሳያሳየው አሸገው። ይህም ስለ ሒሳብና ስለ ግብር ነበር።

እነሆ አዲስ ነገር። በጥንቱ ዘመን መጽሐፍን የሚያጠፋው እሳት፥ ወራሪ፥ ምስጥና የዝናብ ፍሳሽ ነበር። ሲጠፋም ባለቤቱ ያለቅሳል እንጂ አያተርፍም። ባለቤቱ ራሱ አጥፍቶ የሚያተርፍበት ሥርዓት ግን የእኛ ዘመን ግኝት ነው።

ሥራን ለሚመረምር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትርጓሜ ቤት ወግ አስቀድሞ ንባቡ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ አንድም እያለ ያወርደዋል። ንባቡ በፊቱ ያልተዘረጋ ትርጓሜ ወሬ ነው። ተማሪው መምህሩን «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚችለው መጽሐፉ ተዘርግቶ ስላለ ነው። እኔ አሁን ስለ «ክሬተር» ጥቂት ቃል ተናገርሁ፤ ፊልሙ በሁሉም በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግን አንባቢ የተናገርሁትን በምን ይመረምረው ነበር? ማመስገኔም መንቀፌም ምስክር የሌለው ክስ በሆነ ነበር። ፊልምን የሚመረምሩ ጸሐፊዎች በጋዜጣቸው ያመሰገኑት ሥራ ከዓመት በኋላ ሲታጣ፥ ጽሑፋቸው የሌለ መጽሐፍ ኅዳግ ሆኖ ቀረ። ኅዳጉ ሳይጠፋ መጽሐፉ ሲጠፋ ማየት ያስቃል፤ ያስለቅሳልም።

አሁን «ግዛ» ወደ ተባለበት በር እንሂድ። በጁላይ 2009 አማዞን የተባለው ነጋዴ፥ ኪንድል በሚሉት የንባብ መሣሪያ አንባቢዎች የገዙአቸውን ሁለት መጻሕፍት፥ አንባቢዎቹ ሳያውቁ ከመሣሪያቸው ውስጥ ደለዘ። ለገበያ ያቀረባቸው ሰው መብት አልነበረውም የሚል ምክንያት ነበረው፤ ገንዘቡንም መለሰ፤ ኋላም የኩባንያው አለቃ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። የመጻሕፍቱ ስም ግን ለቅኔ የተዘጋጀ ይመስላል። የጆርጅ ኦርዌል «1984» እና «የእንስሳት ዕድር» ነበሩ። ፊተኛው፥ የተጻፈውን ሁሉ እየለወጠና እያቃጠለ ያለፈውን ዘመን እንዳልነበረ ስለሚያደርግ መንግሥት የተጻፈ ነው። አንድ ተማሪም በመጽሐፉ ጐን የጻፈው ማስታወሻ መጽሐፉ ሲጠፋበት መጠጊያ እንዳጣ ተናግሮ በፍርድ ቤት ከሰሰ። በብራና መጽሐፍ ኅዳግ የአባቶችን የእጅ ጽሕፈት እየተከተለ ላደገ ሰው፥ ከገንዘቡ መመለስ ይልቅ የዚያ ተማሪ ማስታወሻ ያሳዝነዋል።

ማይክሮሶፍትም በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን በዘጋ ጊዜ ገንዘቡን መለሰ፥ መጻሕፍቱን ግን ከገዢዎች እጅ ወሰደ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ሶኒ በፕሌይስቴሽን መደብሩ ሰዎች ከፍለው የያዙአቸውን የዲስከቨሪ ትርኢቶች በዓመቱ መጨረሻ ቀን እንደሚያነሣባቸው አስታወቀ። ጩኸት በበረታ ጊዜ ከዲስከቨሪ ጋራ ተስማምቶ፥ ቢያንስ ለ30 ወር ይቆያሉ አለ። ሠላሳ ወር! ገበሬ በሬ ገዝቶ ሻጩ «ለ30 ወር እንድታርስበት ፈቅጄልሃለሁ» ቢለው፥ ዳኛ ሳይጠራ የሚውል ይመስላችኋልን?

ዳኛው በመጨረሻ ተጠራ፤ የዳኘውም ስለ ቃሉ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በሴፕቴምበር 2024 የጸደቀና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ፥ ኋላ ሊነሣ የሚችልን ፊልም ወይም መጽሐፍ ወይም ጨዋታ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለከፋዩ በግልጥ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሊጽፍበት አይችልም። ሕጉ ነጋዴው ዕቃውን እንዳያነሣ አልከለከለውም፤ በቃሉ እንዳይዋሽ ብቻ ከለከለው። ጥቂት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ለቃል ዳኛ መቆሙን አላቃልልም። የስሕተቱ ሥር ያለው በቃሉ ላይ ነውና። የሚያስተላልፈው ሰው ጌትነቱን ለራሱ አስቀርቶ ዋጋውን ብቻ ሲወስድ «ተገዛ» የሚለው ቃል ከዕቃው ወደ ሰውየው ይዞራል፤ ፊልሙ ሳይሆን ተመልካቹ ተገዛ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ ቢሆን ይህን ሰምና ወርቅ አይስተውም ነበር።

ስለዚህ የዲስክ ፈላጊዎችን ሐሳብ ማቃለል አይገባም። በአሜሪካ ሕግ አንድን ቅጂ በትክክል የገዛ ሰው ያን ቅጂ መልሶ ሊሸጠው፥ ሊያውሰው፥ ሊሰጠው ይችላል፤ ይህም ከ1908 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርድ ጀምሮ የጸና ነው። ያ ክርክር የተነሣው በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ዋጋ ነበር፤ አሳታሚው መጽሐፉን ከሸጠ በኋላም ዋጋውን እኔ ልወስን ቢል፥ ፍርድ ቤቱ ከእጅህ ወጥቷል አለው። ዲስክ በዚህ ፍርድ ጥላ ሥር ነው፤ በመስመር የሚፈስሰው ፊልም ግን አይደለም። በኖቬምበር 2023 «ኦፐንሃይመር» የተባለው ፊልም በዲስክ ሲወጣ፥ ሠሪው ክሪስቶፈር ኖላን ሰዎች ዲስኩን ገዝተው በመደርደሪያቸው እንዲያኖሩ በአደባባይ መከረ፤ በጥቂት ቀንም ከብዙ መደብር አለቀ። የዜማውም ነገር እንዲሁ ነው። በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲው 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በቍጥር ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሁሉ የገዛ ሰው ስለ መጥፋት ፈርቶ ነው አይባልም፤ ብዙው ስለ ጌጥና ስለ ወግ ይገዛል። ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ያለውን ማንም መጥቶ አይደልዝበትም።

ኔትፍሊክስ የተባለውም ኩባንያ ዛሬ የመስመሩ ሁሉ አለቃ ቢሆን፥ ሥራውን የጀመረው በ1998 ዲስክ በፖስታ በማከራየት ነው። ከ5 ቢሊዮን የሚበልጥ ዲስክ ከላከ በኋላ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 ይህን ሥራ ዘጋ፤ በዚያን ጊዜ በደንበኞች እጅ የነበረውንም ዲስክ አትመልሱ አላቸው። ለ25 ዓመት ተከራይ የነበሩ ሰዎች በመዝጊያው ቀን ባለቤት ሆኑ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሶኒ መደብር «ገዢ» የነበሩት ተከራይ መሆናቸው ተነገራቸው።

ይሁን እንጂ በዲስክ ላይ ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉትን ሰዎች በአንድ ነገር እንቃወማቸዋለን። ዲስክ ብራና አይደለም። ዋርነር በ2006 እና በ2008 መካከል ካሠራቸው ዲቪዲዎች አንዳንዶቹ ሳይነኩ ተቀምጠው እንደ ተበላሹ በ2025 ራሱ አምኗል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የፊልም ጥቅል ብንመለከት ደግሞ፥ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባሳተመው ጥናት፥ ድምፅ አልባ በነበሩበት ዘመን ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ የአገሩ ረጃጅም ፊልሞች በፊተኛው መልካቸው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው። እነዚያ ሁሉ በእጅ የሚጨበጡ ነበሩ። የሚጨበጥ መሆን ብቻ አላዳናቸውም፤ በጥቂት እጅ ተይዘው ነበርና፥ ባለቤቶቹም ከታዩ በኋላ ዋጋ የላቸውም ብለው ስለ ተዉአቸው ጠፉ።

ታዲያ የሚያድነው ምንድር ነው? መገልበጥ ነው። የመጽሐፈ ሄኖክን ነገር እናስብ። በሌላው ዓለም መጽሐፉ ከንባብ ወጣ፥ የሚገለብጠውም ታጣ። ከግሪኩ ክፍሉ፥ በኋላም በኩምራን ዋሻዎች ከተገኘው ከአራማይኩ ቍርጥራጩ ብቻ ቀረ። ሙሉው የተገኘ በግእዝ ነው፤ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት በእጃቸው አልነበራቸውም። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ነው። ይህን ያደረገው የኢትዮጵያ ብራና ከሌላው ብራና ስለ ጠነከረ አይደለም። ሄኖክ በተጻፈበት በመጀመሪያው ብራና የደረሰን የለም። የደረሰን በየገዳሙ፥ በየደብሩ፥ አንዱ ሲያረጅ ሌላ እየተጻፈ፥ ጸሐፊው ማንንም ሳያስፈቅድ ከጎረቤት ደብር እያዋሰ እየገለበጠ ስለ ቆየ ነው። የመጽሐፉ ባለቤት በመጨረሻው ቅጠል ሌባንና ደላዥን ያወግዛል፤ ገልባጭን ግን የሚያወግዝ አልታየም።

የዛሬው ዲስክ ይህን አይፈቅድም። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በዲስኩ ላይ የተደረገውን ቍልፍ መስበርን ይከለክላል፤ ባለቤቱ ዲስኩን ቢያውስ፥ ቢያወርስ ይችላል፤ ቍልፉን ፈትቶ ቢገለብጠው ግን ሕጉ ይይዘዋል። ስለዚህ ዲስክ የገዛ ሰው ለአንድ ትውልድ ገዛ፤ ዲስኩ ሲሻግት፥ ማጫወቻውም መሠራቱ ሲቀር፥ የሚያወርሰው ነገር የለውም። የፊልም ሠሪዎች ድካማቸው እንዳይሰረቅ መፈለጋቸው ፍርድ ነው። ነገር ግን ሥራውን ራሱ አሽጎ ኪሣራ ብሎ የጻፈ ኩባንያ ሌላው እንዳይገለብጠው የሚከለክለው ስለ ምን ድካም ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ የዲስክ ወዳጆች ድምፃቸውን ቢያነሡ፥ መደርደሪያቸውን ከመሙላት ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

በመስመር ማቅረብ ሁሉ ክፉ ነው እንዳይባልብን አንድ ነገር እንጨምር። በመቅደላ በ1868 የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት በመውጣታቸው ባሕር ያልተሻገረ ተማሪም ሊያያቸው ቻለ። ይህ መልካም ነበር። በኦክቶበር 2023 ግን የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ያን ቤት መቱት፤ ሥዕሎቹም ለብዙ ወራት ከዓይን ተሰወሩ። ብራናዎቹ ግን በመደርደሪያቸው ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አልሆኑም። በአንጻሩ በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም ቀድቶ በአሜሪካ በሚኒሶታ አኑሯል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜአቸውን ለዝርዝሩ ሰጡ። በዋናው ላይ ቅጂ፥ በቅጂው ላይ ሌላ ስፍራ ሲጨመርበት ነው መስመሩም የሚጠቅመው። ዋናው ሳይኖር ሥዕሉ ብቻ የሚፈስስ እንደ ሆነ የመስኖው ነገር ይመጣል።

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊሞግተን ይችላል፤ «እናንተ የቅኔ ሰዎች የዕለቱን ቅኔ ለዕለቱ ብቻ ትቈጥራላችሁ፤ በነጋታው ያንኑ ያቀረበ ይነቀፋል፤ እልፍ መወድስና ጉባኤ ቃና ሳይጻፍ ጠፍቷል። ስለ አሜሪካ ፊልም መጥፋት ምን አስጨነቃችሁ?» ሙግቱ ጥሩ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው። ቅኔ በተነገረ ጊዜ ለጆሮ ሁሉ ይሰጣል። የሰማው ተማሪ በልቡ ይዞት ሌሊቱን ሲያወርድ ሲያወጣ ያድራል፥ ለጓደኛው ይነግረዋል፥ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር «እገሌ የተባሉት መምህር በእገሌ በዓል እንዲህ ብለው ነበር» ይላል። ባለ ቅኔው መልሶ ሊወስደው አይችልም፤ ሊወስደውም አያስብም። ጠፋ እንደ ሆነ በሰሚ ስንፍና ጠፋ፤ በሰጪ ንፍገት አይደለም። ሁለቱ መጥፋት አንድ ስም ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም።

በአገራችን የተሸከላው ድምፅ ነገርም ከዚህ ይያያዛል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ዜማ ዛሬ የሚሰማው፥ ያን የሚሰበር ዕቃ ሳይጥል ያቆየ ሰው ስለ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የካሴት ዘመን መጣ፤ የስንቱ መሪጌታ ዜማ፥ የስንቱ መምህር ስብከትና ቅኔ በካሴት ተቀዳ። አሁን ብዙው ወደ ዩቲዩብ ወጥቷል፤ መውጣቱ ያስደስታል፤ በአረብ አገርና በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን በዚያ ይማራሉ። ነገር ግን «ከወጣ ምን ያደርጋል?» እየተባለ ካሴቱ ሲጣል እናያለን። ያ መስመር የእኛ ምንጭ አይደለም፤ ገጹ በሌባ ሊሰረቅ፥ በአንድ ክስ ሊዘጋ ይችላል። በቤቱ ወይም በደብሩ ዕቃ ቤት እንዲህ ያለ ካሴት ያለው አንባቢ ከሙቀትና ከአቧራ አርቆ ያኑረው፤ ቢችል ወደ ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃ ያስቀዳው፥ አንዱንም በሌላ ሰው ቤት ያስቀምጠው። በካሴቱም ላይ የመምህሩን ስም፥ የደብሩን ስም፥ በየትኛው ዓመትና በየትኛው በዓል እንደ ተቀዳ በጕልህ ይጻፍበት፤ ብዙዎቹ ድምፁ እያለ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀርተዋልና።